በኢሞ የተመረጠ ቀለም

ባለፈው ግንቦት ነው፤ ቆቦ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። አክስቴ አዲስ የተተከለው የብረት በር ፊት ቆማ ስልኳን ወደ በሩ አዙራለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ ናት። ቀለም ቀቢው በሩ ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያክሉ አራት ናሙናዎች ቀብቶ፣ ጥላ ፈልጎ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ።

«እማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በይ። ጸሐይ ገባበት።»

አክስቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «አሁንስ?»

«አሁን አራቱም ነጭ ሆኑ።»

ሣቅን። ቀለም ቀቢውም ከተቀመጠበት ሣቀ። ከብዙ ክርክር በኋላ ግራጫው አሸነፈ። «አዲስ አበባም እኮ አሁን ግራጫ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ነገሩን ስትዘጋው። ማታ ለኔ ብቻ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ፦ ግራጫ በር፣ ነጭ ጠጠር፣ በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንባባ፣ መሐል ላይ እንደ ጢም የተላጨ አረንጓዴ ሳር። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ቡገንቪሊያውን አስነቅይልኝ። ግቢውን አስረጅቶታል።»

ይህ ጽሑፍ ለዚያ መልእክት መልስ እንዲሆን ነው የተጀመረው። እየጻፍኩት ስሄድ ግን ነገሩ ከአንድ ቡገንቪሊያ በላይ ሆነብኝ።

ምክሩ ከየት መጣ?

እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎችን ሁላችሁም አይታችኋል። የግቢን ፊት በአበባና በቀለም እንዴት ማሳመር እንደሚቻል የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው አማርኛ፣ ምስላቸው ግን ከሩቅ አገር የመጣ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ብዙዎቹን ቁጭ ብዬ አየኋቸው። መጽሐፍ የሚገመግም ሰው መጀመሪያ መጽሐፉን ማንበብ አለበት፤ ይህም ያው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ልክ የሆነው ይቅደም። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚደጋግሟቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ ወደ ዓይን ይቀርባሉ፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይርቃሉ። ስለዚህ ግቢው ጠባብ ከሆነ ትኩሱን ቀለም በሩ አጠገብ፣ ቀዝቃዛውን ጥግ ላይ ብትተክሉት ግቢው ረዘም ብሎ ይታያል። ሁለተኛ፣ ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ይሳሳላሉ፤ ቀይ አበባ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ ከብቻው ይልቅ ይቀላል። ሦስተኛ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከመበተን አንዱን ቀለም በብዛት መትከል ይሻላል።

እነዚህ እውነት ናቸው፤ የቆየ ታሪክም አላቸው። ሁለተኛውን በወጉ ያብራራው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ነው። በጎብለን የሥጋጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር አይጠቁርም ብለው ሲያማርሩ መርምሮ ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን ከጎኑ የተሸመነው ቀለም መሆኑን አገኘ፤ መጽሐፉን በ1839 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የቀሩትን ወደ ግቢ ያወረደቻቸው ደግሞ እንግሊዛዊቷ ገርትሩድ ጂክል ናት (1843–1932 እ.ኤ.አ.)። ሥዕል የተማረች ሴት ነበረች፤ ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ወደ አትክልት አዘነበለች። ረጅሙን የአበባ መደብ ከጫፍ በቀዝቃዛ ቀለም ጀምራ፣ መሐሉን በቀይና በብርቱካንማ አግላ፣ በሌላው ጫፍ መልሳ ታቀዘቅዘው ነበር።

ግን ጂክል የኖረችው ደመና በሚበዛበት አገር ነው። እዚያ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ ፈዛዛው ሮዝና ፈዛዛው ሰማያዊ ከነልዩነታቸው ይታያሉ። ምክሩ ወደኛ ሲመጣ ይህ ብርሃን አብሮት አልመጣም።

ቆቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ጸሐይ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በዚያ ብርሃን ሥር ፈዛዛ ቀለም በሕይወት አይቆይም። ሮዙ ነጭ ይሆናል፤ ሎሚ ቢጫው ይጠፋል። የሚተርፈው ደማቁ ነው፦ ሐምራዊ፣ የበርበሬ ቀይ፣ የእርድ ቢጫ። የአክስቴ ስልክ «አራቱም ነጭ ሆኑ» ያሰኘን ካሜራው ሲደናገር ነው፤ ቀትር ላይ ግን የሰው ዓይንም ከዚያ ብዙ አይሻልም።

ይህን በደንብ የገባው ሰው ሜክሲኳዊው አርክቴክት ልዊስ ባራጋን ይመስለኛል። ግድግዳውን ደማቅ ሮዝና ብርቱካንማ እየቀባ፣ ቡገንቪሊያ እያስጠጋ ሠርቶ በ1980 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከር ሽልማትን አገኘ። ቀለሞቹ ከአገሩ መንደርና ገበያ የተለቀሙ ነበሩ። የቆቦ ግቢ ከውጭ መምህር ይፈልግ ከተባለ፣ ከለንደን ይልቅ ሜክሲኮ ትቀርበናለች።

የቪዲዮዎቹ ሁለተኛ ስህተት ውሃ ነው። ያ የተላጨ ሳር በየቀኑ ይጠጣል። የራያ ቆላ ክረምቱ አጭር ነው፤ ዝናቡም ቃል አይጠብቅም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅል ውሃ ነው። አክስቴ በጀሪካን የምታስቀዳውን ውሃ ሳር ላይ ስትደፋ ጎረቤት ቢያያት ምን እንደሚላት አውቃለሁ፤ ቢላትም አልፈርድበትም። ቡገንቪሊያ ግን በተቃራኒው ነው። ብዙ ካጠጣችሁት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ሲጠማ ነው የሚያብበው። አበባ የሚመስለን ሐምራዊው ነገርም አበባ አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ጥቃቅን ነጭ ነገር ናት።

ሦስተኛውና ትልቁ ስህተት «የቤትዎ ዋጋ ይጨምራል» የሚለው ነው። የሁሉም ቪዲዮ መዝጊያ እሱ ነው። ማለትም የግቢው ፊት የሚያምረው ለገዢ ነው፤ መኪናውን አቁሞ ሁለት ደቂቃ አይቶ ለሚወስን ሰው። በዓረብ አገር ገንዘብ የቆመ የቆቦ ቤት ግን ለሽያጭ አልተሠራም። ልጅቱ በሕይወት እንዳለች፣ ደመወዝ እንደተከፈላት፣ አንድ ቀን እንደምትመለስ ለሰፈሩ የሚናገር ቤት ነው። እዚህ ገዢ የሚባል ተመልካች የለም።

ስለ ግራጫ

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ሲጀመር በዋና መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ወጥ ቀለም፣ በተለይ ግራጫና የግራጫ ዘመዶች፣ እንዲቀቡ ተደረገ። ኮሪደሩ ወደ ክልል ከተሞችም ወረደ። ከኮሪደሩ ቀድሞ ግን ፎቶው ነው የሚወርደው፤ ማንም ሳያዝዝ ሰው በሩን ግራጫ ማድረግ ጀመረ።

ግራጫን በጭፍን መጥላት አልፈልግም። ሥርዓት ያመጣል፤ እርስ በርስ የሚጯጯሁ ማስታወቂያዎችን ዝም ያሰኛል። ጥያቄዬ ወጥ ቀለም የሚያምረው ለማን ነው የሚል ነው። መልሱ በመኪና ለሚያልፍ ሰው ይመስለኛል። በፍጥነት ስታልፉ ከተማው አንድ ረጅም ሐሳብ ሆኖ ይታያል። የሐረር ጀጎልን ተመልከቱ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባች ከተማ ናት። በጠባቦቹ መንገዶቿ ግድግዳው አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ያ ቀለም በእግሩ ለሚሄድ፣ ትከሻው ግድግዳውን ሊነካ ለተቃረበ ሰው የተቀባ ነው። ቆቦም ከአስፋልቱ ገባ ካላችሁ የእግረኛና የባጃጅ ከተማ ናት።

ሦስት ፊቶች

ቪዲዮውን ከተቀበልኩ በኋላ አንድ ጧት ወጥቼ የግቢ ፊቶችን እያየሁ ዞርኩ። ሦስቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው አስፋልቱ ዳር ያለ አዲስ ፎቅ ነው። ፊቱ መስታወትና ግራጫ አሉኮቦንድ፣ ደጃፉ ላይ በትልልቅ ማሰሮ የቆሙ የፕላስቲክ ተክሎች። የቆቦ ጸሐይ ከፕላስቲኩ አረንጓዴ ውስጥ ቢጫውን መጥጣ ስለጨረሰችው ቅጠሎቹ ሰማያዊ ሆነዋል። ባለቤቱን አልወቅስም፤ ውሃ ስለሌለ ነው እንዲህ ያደረገው። ግን በሐሰት ተክልና በእውነተኛ ጸሐይ መካከል የሚደረግ ግብግብ ውጤቱ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ወደ ገበያው መውረጃ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት በቀይ አፈር፣ ከዚያ በላይ በአመድማ አፈር ተለስኗል። በሩ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነበር። ደጃፉ ላይ አፋቸው በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች በሶብላ፣ ጤና አዳምና አሪቲ ተተክሏል። የጂክልን መጽሐፍ ያላየች ሴት፣ ቢጫውን ጀሪካን ከቀዩ አፈር ፊት ደርድራ ሦስቱንም ሕግ ጠብቃለች። አንድ ሕግ ደግሞ ጨምራለች፤ የተከለችው ሁሉ እጅ የሚደርስበት ነው። የሚያልፍ ሰው ቀንጠብ አድርጎ አሽትቶ ይሄዳል። ከሦስቱ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛው ፊት አበባ የሚባል የለውም። አንድ ትልቅ ኒም ዛፍ፣ ከሥሩ የተጠረገ መሬት፣ አንድ አግዳሚ። ቀለሙ ምንድን ነው ካላችሁኝ ጥላው ነው እላለሁ። ቀትር ላይ ከዚያ ነጭ መንገድ መጥታችሁ ዛፉ ሥር ስትገቡ ዓይናችሁ ተመልሶ ማየት ይጀምራል። ከሥሩ የተቀመጡት ሰዎች ሻሽ፣ ኩታና ሽርጥ ቀለሙ የሚለየው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው። ቪዲዮዎቹ ስለ ጥላ አንድም ቃል አይናገሩም። በቆላ አገር ስለ ቀለም አውርቶ ጥላን መርሳት ስለ ወጥ አውርቶ ጨውን እንደመርሳት ነው።

አያቴ አበባ ለምን አትተክልም ነበር?

አንድ ነገር ግን መመለስ አለብኝ። የራያ ሰው ቀለም ይወዳል። ነሐሴ 16 በሚገባው ሶለል ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ለምለሙን አሸንድዬ አስረው ሲጨፍሩ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ታዲያ የድሮዎቹ ግቢዎች ውስጥ ለዓይን ተብሎ የተተከለ አበባ ለምን ጠፋ?

የአያቴ መልስ አጭር ነበር፦ «አበባ ጠግቦ አያውቅም።» ልጅ ሆኜ ከማሽላ ማሳ ውስጥ ሐምራዊ አበባ ለቅሜ ስመጣላት ከእጄ ነጥቃ እሳት ውስጥ ጨመረችው። አቀንጭራ ነበር። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ የሚመጠው፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚተኛው አረም። አበባው ከሩቅ ሲታይ ያማል እንጂ አያምርም የምትለው ለዚህ ነው፤ ማሳው ሐምራዊ ሆነ ማለት ጎተራው ባዶ ሆነ ማለት ነው። አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ነው። ከዚያ ሥራ ተገኝተው በኢትዮጵያ ከተለቀቁት ዝርያዎች ሁለቱ «ጎብዬ» እና «አብሽር» ይባላሉ። አንዱ የሰፈራችን ስም ነው፤ ሌላው ወሎ ውስጥ የተጨነቀን ሰው የምናጽናናበት ቃል።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ቀለም ራሱ አጥር ስለበላበት ጊዜ ነው። በለስ ለራያ አጥርም፣ የክረምት ምግብም፣ የከብት መኖም ነበር። የቢጫ አበባ አጥር ከተባለ እሱ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ኮቺኒያል የሚባለው ነፍሳት ወደ ትግራይ እንዲገባ ተደረገ፤ በበለስ ላይ እየኖረ ካርማይን የተባለውን ውድ ቀይ ቀለም ስለሚሰጥ ነው። ሐሳቡ ለገበሬው ገቢ ማምጣት ነበር። ነፍሳቱ ግን ከቁጥጥር ወጣ። በራያ አዘቦና በአላማጣ በኩል የበለስ አጥሮችን ጥጥ በሚመስል ነጭ ነገር እያለበሰ አደረቃቸው። ያን ነጭ ጥጥ በጣታችሁ ብትጨፈልቁት ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። በሌላ አገር ምግብና የከንፈር ቀለም የሚያቀላው ያ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ያየ ሕዝብ ለውበት ሲባል የመጣን ነገር መጀመሪያ በጥርጣሬ ቢያይ አይገርምም። ቪዲዮ ሠሪዎቹ «ሰዉ ገና አልነቃም» የሚሉትን ጥርጣሬ እኔ ዕውቀት እለዋለሁ። በሌላ በኩል «የኛ ተክል ብቻ» ብዬ መፎከርም አልችልም። በለሱ ከሜክሲኮ፣ ቡገንቪሊያው ከደቡብ አሜሪካ፣ ኒሙ ከህንድ አገር የመጡ እንግዶች ናቸው። እንግዳን የምንለካው በሚጠጣው ውሃ፣ በሚሰጠው ጥላና በጎረቤቱ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ስምንቱ ቀዳዳዎች

አሁን ወደ አክስቴ በር ልመለስ።

አዲሱ በር የተሠራው አሮጌው የተበሳ ስለነበር ነው። ጦርነቱ ቆቦ ላይ ሁለቴ ነው ያለፈው። በ2013 ማብቂያ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየ፤ በ2014 ነሐሴ ደግሞ ተመለሰ። በሩ ላይ ስምንት ቀዳዳዎች ነበሩ። አክስቴ በሩን ለመቀየር ገንዘብ አልነበራትም። አንድ የቡገንቪሊያ ቁራጭ ከጎረቤት ለምና በሩ አጠገብ ተከለች፤ በሁለት ክረምት አድጎ የበሩን ግማሽ ሸፈነው። ልጇ በኢሞ ስትደውል አክስቴ የምትቆመው ሐምራዊው ፊት ነበር። ቀዳዳው እንዳይታያት።

ስለዚህ «አስነቅይልኝ» የሚለውን መልእክት ሳነብ ተናደድኩ። እስካሁን ያነበባችሁትን ሁሉ፣ ጂክልንም፣ ባራጋንንም፣ የጸሐይዋንም አቅጣጫ፣ በረጅም የድምፅ መልእክት አድርጌ ላክሁላት። ግራጫ የሰው አገር ፋሽን ነው፤ ቡገንቪሊያው ደግሞ እናትሽ ናት አልኳት።

በነጋታው መለሰችልኝ። አልተቆጣችም።

«ቀዳዳው እንዳለ አውቅ ነበር» አለች። «እማ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ቆማ ስታናግረኝ አላውቅም መሰለሽ? ያን አበባ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ከኋላው ያለው ነው። ግራጫውን ደግሞ አዲስ አበባ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እዚህ ነጭ በር አላቸው፤ በቀን ሁለቴ እወለውለዋለሁ። የኔ በር አቧራ የማያሳይ ይሁን። ስመጣ ማንም እንዳይወለውለው።»

ስለ ግቢ ቀለም ካየኋቸው ምክሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ምክንያት ያቀረበ አልነበረም። እኔም «ለማን ነው የሚያምረው?» እያልኩ ስጠይቅ፣ የምትወለውለውን ሴት አላሰብኳትም ነበር። ተቺ የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ ፊቱን ሲያነብ ከበሩ ጀርባ ያለውን የሥራ ሰዓት ይዘላል።

አክስቴን ጠየቅኋት። «አብሽሪ» አለችኝ፣ ቡናዋን እየቀዳች። «በሩ የሷ ነው፣ እንዳለችው ይቀባ። አበባው ግን የኔ ነው። እሱን ማንም አይነካውም።»

እንደዚያው ሆነ። በሩ ፈካ ያለ ግራጫ ተቀባ፤ የቡገንቪሊያው አንድ ክንድ ብቻ ተከርክሞ ወደ አጥሩ ተመለሰ። ዘንባባም ሳርም አልመጣም። እውነቱን ልናገር፣ ግራጫው ያን ሐምራዊ ሰማያዊው ወይም አረንጓዴው ከሚያደርገው በላይ አደመቀው። ሼቭረል ቢያየው የሚስቅብኝ ይመስለኛል፤ ጎረቤቱ ዝም ሲል ቀለሙ እንደሚናገር ከአንድ መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ጽፎታል፣ እኔም ጠቅሼው ነበር፣ ግን በሩ ላይ አላየሁትም።

አሁን አክስቴ ስትደወልላት በሩን ከፍታ ትወጣና ስልኩን ዙሪያውን ታዞራለች፦ በሩን፣ አበባውን፣ መንገዱን፣ የሚያልፈውን ሰው። አንድ ቦታ መቆም አቁማለች።